እርማት፦ ቪም የሚጠይቅህ ሴሽኑ ተበላሽቶ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ ቪም (ኮድና ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ነው) «ቪም ሴሽን ስትከፍቱ በየፋይሉ ጥያቄ ከደቀነባችሁ ሴሽኑ ተበላሽቷል፤ ስዋፕ ፋይሎቹን ጠራርጋችሁ አጥፉ» ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ደሴም ብዙዎቻችን እንዲሁ እናምን ነበር።

ሴሽኑ የሚይዘው የትኞቹ ፋይሎችና መስኮቶች ክፍት እንደነበሩ ነው። ጽሑፍህን አይዝም። ጥያቄውን የሚያመጣው ስዋፕ ፋይሉ፣ ማለትም ቪም በራሱ የሚፈጥረው መጠባበቂያ ፋይል ነው። ቪም 200 ፊደል በጻፍክ ቁጥር፣ ወይም ለ4 ሰከንድ እጅህን ስታሳርፍ፣ ሴቭ ያላደረግከውን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። መብራት ድርግም ሲል (የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ከሆነማ ወዲያው ይዘጋል) ስዋፑ ሳይጠፋ ይቀራል፤ ፋይሉን ስትከፍት ቪም እሱን አግኝቶ ነው የሚጠይቅህ። እኔ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ የግማሽ ቀን ሥራ ያጣሁት «አጥፋ» የሚለውን ተጭኜ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ መልእክቱን አንብበው። ፕሮግራሙ አሁንም እየሠራ ነው ካለህ፣ ፋይሉ ሌላ ተርሚናል ላይ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ውጣና ወደዚያው ሂድ። ካልሆነ «አር»ን (R፣ ከስዋፑ መልስልኝ ማለት ነው) ተጫን፤ የተመለሰልህን በሌላ ስም ሴቭ አድርገህ ከዋናው ጋር አስተያየው። ስዋፑን የምታጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ከተውከው ነገም ሴሽኑን ስትከፍት ያንኑ ይጠይቅሃል።