«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የተባለው ለማን ነው?

«የቀባኋቸውን አትዳስሱ።» ስለ አንድ ነቢይ የገንዘብ አያያዝ ወይም ሳይፈጸም ስለ ቀረ ትንቢት ጥያቄ ላነሣ ምእመን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ጥቅሱ ከመዝሙር 105 ነው፤ በኦርቶዶክሱ አቆጣጠር 104። ራሳቸውን አጥማቂ ብለው የሰየሙ ሰዎችም ሲጠየቁ ይህንኑ ያነሣሉ። ጠያቂው እግዚአብሔርን የተዳፈረ መስሎት ይደነግጣል፣ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ብዙ ቤት አፍርሷል። ጥቅሱ ግን ለዚህ አልተጻፈም።

መዝሙሩን ትንሽ ከፍ ብላችሁ አንብቡት። የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። በቁጥር ጥቂት የሆኑ፣ ርስት የሌላቸው፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚዞሩ መጻተኞች ነበሩ። እንደ ሳኦልና እንደ ዳዊት በራሱ ላይ ዘይት የፈሰሰበት ከመካከላቸው የለም። ማስጠንቀቂያው የተነገረውም ለነገሥታት ነው፤ ባለ ጦሩ መጠጊያ የሌለውን እንግዳ እንዳያጠፋው። ዛሬ አዳራሽ፣ ጠባቂና የቴሌቪዥን ጣቢያ ያለው ሰው ያንኑ ቃል በአንዲት ምስኪን ምእመን ላይ ሲያነሣው፣ ለደካማው የተሰጠው ጋሻ በኃይለኛው እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ከጥቅሱ ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ነቢይ፣ በዕብራይስጡ «ናቪ»፣ የሚለው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በዘፍጥረት 20 ነው፤ የተሰጠውም ለአብርሃም ነው። አብርሃም በጌራራ ሣራን «እኅቴ ናት» ብሎ ነበር፤ ንጉሡ አቢሜሌክም አስወሰዳት። እግዚአብሔር ለንጉሡ በሕልም ተገልጦ ሴቲቱን እንዲመልስ አዘዘው፤ ሰውየው ነቢይ እንደሆነና እንደሚጸልይለትም ነገረው። ንጉሡ ሴቲቱን መለሰ። ነገር ግን አስቀድሞ ነቢዩን አስጠርቶ «ምን አደረግህብን?» ሲል ጠየቀው። እግዚአብሔር ንጉሡን ስለ ጠየቀ አልገሠጸውም። አብርሃምም በነቢይነቱ አልተከለለም፤ በሚስቱ ምክንያት እንዳይገድሉት መፍራቱን ተናገረ። ስሙ የተሰጠው ሰው ገና በዚያው ምዕራፍ ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል።

ዳዊትን የሚጠቅሱም አሉ፤ በእግዚአብሔር በተቀባው በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም ይላሉ። እውነት ነው፣ አልገደለውም። ግን ሳኦል ሳያውቅ ከገባበት ዋሻ ወጥቶ፣ ከሳኦል ልብስ የቆረጠውን ቁራጭ ይዞ፣ በሳኦል ሠራዊት ፊት በደሉን ነገረው፤ በመካከላቸው እግዚአብሔር እንዲፈርድም ጠራ። ዳዊት ራሱ ተቀብቶ ከነገሠ በኋላ የኦርዮን ሚስት ሲወስድ፣ ነቢዩ ናታን ገብቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። «አትዳስሱ» ማለት «አትናገሩ» ቢሆን ኖሮ ናታን ምን ሊባል ነው?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኤርምያስ 28 ነው። የገባዖኑ ሐናንያ በቤተ መቅደስ፣ በካህናትና በሕዝብ ፊት፣ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚሰበር ተናገረ። ኤርምያስ የባቢሎንን አገዛዝ ለማመልከት በአንገቱ ያደረገውን ቀንበርም አውልቆ ሰበረው። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ሐናንያን የሚጠራው ኤርምያስን በሚጠራበት በዚያው ስም፣ ነቢይ ብሎ ነው። «ሐሰተኛ ነቢይ» የሚል ስም የገባው ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ በተረጎሙት ላይ ነው። እዚያ ቆሞ ይሰማ ለነበረው ሕዝብ ታዲያ ማዕረጉ ምንም አልጠቀመውም፤ ሁለቱም ነቢይ ናቸው፣ ሁለቱም «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ይላሉ። የኤርምያስ የመጀመሪያ መልስ ምን ነበር? «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ፤ ሰላምን የሚተነብይ ነቢይ ቃሉ ሲፈጸም እንደሚታወቅም አከለ። በዘዳግም 18 የተጻፈውን መመዘኛ ማስታወሱ ነበር። እውነተኛው ነቢይ የሕዝቡን ጥያቄ አልፈራም፤ እንዲመዝኑ ነገራቸው።

«የእግዚአብሔር ባሪያ» የሚለውንም ስም ተመልከቱ። መጽሐፈ ኢያሱ ሲከፈት የነዌ ልጅ ኢያሱ የሙሴ አገልጋይ ነው። ተራኪው የእግዚአብሔር ባሪያ ብሎ የሚጠራው በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ110 ዓመቱ ሲሞት ነው። ኤልሳዕን ቅዱስ የእግዚአብሔር ሰው ያለችውም ሱነማዊቷ ሴት ናት፤ በቤቷ በኩል ሲመላለስ አይታ። በፖስተር ላይ ስሙን ራሱ የሚያስቀድም ሰው የዚህን ሥርዓት መጀመሪያም መጨረሻም ስቶታል።

የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ በየማኅበራዊ ሚዲያው አገልጋዮችን መሳደብ በዝቷል ይባላል። በዝቷል፣ ያሳዝናልም። ስድብ የሚበዛው ግን ቤቱ ውስጥ መጠየቂያ መንገድ ሲጠፋ ነው። ትንቢት ሲነገር ቃሉና ቀኑ ይጻፍ፤ ጊዜው ሲደርስ በዚያው ጉባኤ ፊት ይነበብ። የገንዘቡን መዝገብ ከነቢዩ ቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ይመርምረው።

ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?» አለ፤ የወሰደው ካለ ሊመልስም ቃል ገባ። ኤልሳዕ ከለምጹ ከነጻው ከሶርያዊው ንዕማን አንዳች አልተቀበለም፤ ተከትሎ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ የወሰደው አገልጋዩ ግያዝ ለምጻም ሆኖ ከፊቱ ወጣ። ለፈውስ ጸሎት ብላ ወርቋን ሸጣ የሰጠች እናት በየከተማችን አለች። ገንዘቧን የተቀበለው ሰው ይመልስላት፤ የሚያስመልሱትም የገዛ ጉባኤው ሽማግሌዎች ይሁኑ።