መብራቷ ላይ ቴፕ አትለጥፉ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም ሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም ላይ አንዲት እናት ደወለች። ዳሽቦርዷ ላይ የጎማ መብራት፣ ማለትም የጎማ ነፋስ ሲጎድል የምትበራው፣ አስቸግራታለች። ጠዋት ትበራለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትጠፋለች። ቅዳሜ ደግሞ ልጆቿን ይዛ ሐዋሳ ልትሄድ ነው። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች።

እንግዳው የረጅም ዓመት ልምድ ያለው ባለጋራዥ ተብሎ የቀረበ ሰው ነው። ይቺ መብራት ለፈረንጅ መንገድ የተሠራች ቅንጦት ናት አላት። የጠዋት ብርድ ያሳስታታል አላት። ጎማውን በእግርሽ መታ መታ አድርጊው፣ ካልተኛ ሰላም ነው፣ ዓይንሽን ከረበሸችሽ ደግሞ ጥቁር ቴፕ ለጥፊባት አላት። አዘጋጁ ስቆ ወደ ማስታወቂያ ገባ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ከሁሉ የባሰው የእግሩ ነገር ነው። የዛሬ የቤት መኪና ጎማ ራዲያል ነው። ጎኑ ስስ ስለሆነ በደንብ ተሞልቶም ከሥሩ ትንሽ ሆድ ያወጣል። 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያለውን ጎማና 24 ያለውን ጎን ለጎን አቁሟቸው። በዓይን አትለዩዋቸውም። በእግርም አትለዩዋቸውም። የከባድ መኪና ሾፌሮች ጎማ በብረት ሲመቱ አይተን ይሆናል። እነሱ የሚፈልጉት ከጥንዱ ጎማ አንዱ ጨርሶ ተኝቶ እንደሆነ ነው። ስንት እንደጎደለው አይደለም። ያን ልማድ ለአንዲት እናት መኪና ምርመራ ነው ብሎ መስጠት ነውር ነው።

ቅንጦት ናት ለተባለውስ? ይህቺ መብራት የመጣችው ከቀብር ነው። የፋየርስቶን ጎማ የተገጠመላቸው የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪናዎች መንገድ ላይ የጎማቸው ልብስ እየተገፈፈ ተገለበጡ። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ኤክስፕሎረር የቤተሰብ መኪና ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣ፣ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ ደግሞ እዚያ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ መብራቷ ሊኖረው ግድ ሆነ። አውሮፓ በ2014፣ ቻይና በ2020 ተከተሉ። ጃፓን አላስገደደችም። እዚህ አገር ያለው ብዙው ቪትዝ መብራቷ የሌለው ለዚህ ነው። ባለጋራዡ ዕድሜውን የሠራው እነዚያ ላይ ከሆነ መብራቷን አለማወቁ ይገባኛል። የማያውቀውን ነገር በሬዲዮ ማስተማሩ ግን አይገባኝም።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ይህን ሰበብ በየጎሚስታው፣ በየጋራዡ፣ በየቢሮው ፓርኪንግ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም አምኖበታል። እስቲ አንድ ጊዜ በቁጥር እንየው።

የአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት 8 ዲግሪ፣ ቀኑ 23 ዲግሪ ይሁን። ልዩነቱ 15 ነው። የጎማ ነፋስ በየ10 ዲግሪው 1 ከግማሽ ፒኤስአይ ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ 15 ዲግሪ ማለት ከ2 ፒኤስአይ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። በቃ። ቀን 32 የነበረ ጎማ ጠዋት ወደ 30 ይወርዳል።

መብራቷስ መቼ ነው የምትበራው? በአሜሪካው ሕግ ነፋሱ ከታዘዘው መጠን 25 በመቶ ሲጎድል የግድ መብራት አለባት። የመኪናው መጠን 32 ከሆነ 24 ላይ ማለት ነው። አንዳንዱ አምራች ትንሽ ቀደም አድርጎ ያበራታል። እሺ፣ 26 ይሁን። ከ30 እስከ 26 ገና 4 ይቀራል። ያን 4 ማን ወሰደው? ብርድ ብቻውን አንድን ሙሉ ጎማ 24 ላይ እንዲያደርሰው ከ50 ዲግሪ በላይ መቀነስ አለበት። ከ23 ተነስቶ ከዜሮ በታች 30 መድረስ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብርድ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይም የለም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት የበራች መብራት ስለ ብርድ አይደለም የምትነግረን። ጎማው ቀድሞውኑ ጎድሎ ነበር። ብርዱ ያደረገው የመጨረሻዋን 2 ፒኤስአይ ወስዶ ጉድለቱን ማጋለጥ ብቻ ነው።

ቀን ስትጠፋስ? ጎማው ድኖ አይደለም። ፀሐይ ሞቀ። መኪናው ተነዳ። የሚነዳ ጎማ ራሱ ይግላል፣ በግለቱ ብቻ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ይጨምራል። 24 የነበረው 28 ሆኖ ይነበባል፣ መብራቷም ትጠፋለች። ማታ ሲቆም ተመልሶ 24 ነው። ጠዋት እየበራች ቀን የምትጠፋ መብራት ስለዚህ ከሁሉ በላይ ልትታመን የሚገባት ናት። የምትናገረው ጎማው ሳይነዳ፣ እውነተኛ መጠኑ ላይ ሳለ ነው። ባለጋራዡ ይህንኑ የውሸቷ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ስህተት አለ። ከሥራ ስንመለስ፣ ጎማው ግሎ ሳለ፣ ጎሚስታ ጋ ቆመን 32 አድርግልኝ እንላለን። ያደርገዋል። ሲቀዘቅዝ 28 ነው። ሞልቼ ነበር እኮ ብለን መብራቷን እንረግማለን። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። መጠኑ ደግሞ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። እሱን እያዩ 44 የሚሞሉ አሉ። መኪናው ይዘላል፣ የጎማው መሃል ብቻ ያልቃል፣ ዝናብ ላይም ፍሬን አይዝም።

አምና ኅዳር የእህቴ መኪና ላይ ይቺው መብራት በራች። ሦስት ሰው ጠየቀች፣ ሦስቱም ብርዱ ነው አሏት። ከዚያ አንድ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ጋ አቆመች። ልጁ መለኪያም አላነሳ። ጎንበስ ብሎ ከመሪው ሥር ያለችውን የሪሴት ቁልፍ ተጭኖ ያዛት። መብራቷ ሦስቴ ብልጭ ብላ ጠፋች። “ምንም አይልሽም እህቴ፣ ሴንሰሩ ነው” ብሎ ብሩን ተቀበለ። ደስ ብሏት ሄደች።

ልጁ ምን እንዳደረገ ላስረዳ። ሪሴት የምትጫነው ጎማዎቹን ሁሉ በትክክል ከሞላህ በኋላ ነው። ያኔ መኪናው ይህ ነው ልኬ ብሎ ይመዘግባል። ሳትሞላ ከተጫንክ ጉድለቱን ልክ ነው ብለህ አስተማርከው። ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ከጉድለቱም በታች ሌላ ጉድለት ሲመጣ ነው።

ቅዳሜ ቢሾፍቱ ልንሄድ ተነሳን። ልጆቹ ገብተዋል፣ ቀበቶ አስረዋል። እንደ ልማዴ መለኪያዬን አወጣሁ። የፊቶቹ 29 እና 30። የግራ የኋላው 29። የቀኝ የኋላው 17። ሁለቴ ለካሁት። መብራቷ ጠፍታለች። ከጎማው በላይ ያለው ወንበር ላይ የ6 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ኳስ ታቅፋ ተቀምጣለች።

የሰፈር ጎሚስታ ጠርተን ጎማው ተፈታ። የሳሙና ውኃ ሲፈስበት ጎማው ላይ በተሰካ አንድ ብሎን ዙሪያ ደቃቅ አረፋ ወጣ። ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ ከውስጡ ጥቁር ዱቄት ተዘረገፈ። ልክ የተፈጨ ቡና ይመስላል። ያ ዱቄት የጎማው የራሱ ሥጋ ነው። ነፋስ አንሶት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ፣ እየተፋተገ የፈጨው። እንዲህ የሆነ ጎማ አይለጠፍም፣ ይጣላል። በፍጥነት መንገዱ ላይ በ100 ብንሄድበት ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እህቴ ዱቄቱን እያየች ገባት። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለዚህ ነው ሳቁ ያላሳቀኝ።

መብራቷ ሁለት ነገር ትናገራለች፣ ሁለቱንም መለየት ቀላል ነው። በርታ ከቀረች ነፋስ ጎድሏል። መኪናው ሲነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ችግሩ ሴንሰሩ ነው። ነፋሱን የሚለካው ይህ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ቸርኬው ውስጥ፣ ከነፋስ መሙያው ጋር የተያያዘ ነው። የራሱ ባትሪ አለው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። እዚህ የምንነዳው መኪና አብዛኛው ያን ዕድሜ ያለፈ ነው። ቸርኬ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። ለአሜሪካ የተሠራው ሴንሰር በ315፣ ለአውሮፓ የተሠራው በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚናገረው፣ አይግባቡም። አንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ትርፍ ጎማው ውስጥም ሴንሰር አላቸው። አራቱን ሞልተህ ካልጠፋች አምስተኛውን እይ። ሌላው ዓይነት መኪና ደግሞ ጎማ ውስጥ ሴንሰር የለውም፣ የጎደለው ጎማ ፈጥኖ ሲዞር ከኤቢኤሱ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት፣ ያውቃል። እሱ ጎማ በተቀየረ፣ ነፋስ በተሞላ ቁጥር ሪሴት ይፈልጋል።

ሴንሰርን የሚገድለው ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም፣ የጎሚስታው ብረትም ነው። ጎማውን ከቸርኬ ሲያላቅቅ ነፋስ መሙያው አጠገብ ከገፋበት ተሰበረ። ከዚያ ምንም ሳይነግርህ ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ከትቶ ይገጥምልሃል። ከመፈታቱ በፊት “ወንድሜ፣ ሴንሰር አለው፣ ከዚህ በኩል እንዳትጀምር” በለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ሴንሰር ውድ ነው፣ የሚያነብበት ማሽን ያለው ጋራዥም ጥቂት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልሄድም። ሴንሰሩ የሞተበት ሰው በየሳምንቱ በእጅ መለኪያ ይለካ። ሴንሰሩ የሚሠራለት ሰው ይስማው። በሁለቱም መንገድ ቴፕ ቦታ የለውም።

ነገሩ አሁን የሚብሰው ለሌላ ምክንያትም ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ባትሪው ከባድ ነው፣ ጎማው የሚሸከመው ጭነት ከለመድነው ይበልጣል። ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም፣ የሚረጭ ማሸጊያና ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው ያላቸው። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ያ ማሸጊያ ምንም አይረባም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ መብራቷን ይዘው ነው የሚመጡት። ለባለቤቶቻቸው በሬዲዮ ቴፕ ማዘዝ ምን ይሉታል?

ባህሉ ደግሞ በጎማ አይቆምም። የፍሬን መብራት ሲበራ ዘይቱን ጨምሮ መሄድ። ዘይቱ የወረደው ሸራው ስላለቀ መሆኑን አለማየት። ቼክ ኢንጂን ሲበራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ማጥፋት። ሁሉንም ለቦሎ ሰሞን ማቆየት። ጎማ ሲገዛም ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሐዝ ቁጥር የሚያይ ስንቱ ነው? 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ በየሱቁ ተደርድሯል።

ለደወልሽው እህቴ። ቴፑን ለጥፈሽ ከሆነ ላጪው። ነገ ጠዋት መኪናውን ሳታንቀሳቅሺ አራቱንም ለኪ። የበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ቁጥር አይተሽ ሙያቸው፣ ከዚያ በኋላ ሪሴት አድርጊ። ከሦስት ቀን በኋላ በማለዳ ደግመሽ ለኪ። ሦስቱ ቆመው አንዱ ብቻ ከወረደ ያን አስፈቺውና የሳሙና ውኃ አፍስሰው እንዲያዩት አድርጊ፤ ነፋስ መሙያውንም፣ የቸርኬውን ጠርዝም። ከውስጡ ጥቁር ዱቄት ከወጣ የሐዋሳው ጉዞ ሌላ ቅዳሜ ይሁን።