ሲሰረቅ ብቻ የኛ

እንደኛ ባህሉን የሚጠብቅ ሕዝብ ካለ ወዲህ በሉ። አንድ የፈረንጅ ዲዛይነር የኛን ጥለት የመሰለ ነገር ቀሚስ ላይ አደረገ የተባለ ቀን፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ጠበቃ ይሆናል። «ተዘረፍን!» ይላል። ስልኩን አውጥቶ ሰባት ባንዲራ ይደረድራል፣ የእሳት ምልክት ይጨምርበታል፣ ይህን ሁሉ ጨርሶም ማኪያቶው አልቀዘቀዘም። ጀግንነት እንዲህ ነው።

በፋሲካ ዋዜማ ከጓደኛዬ ጋር ቸርችል ጎዳና አንድ የባህል ልብስ ሱቅ ገባን። ይቺ ልጅ ኮሜንት ላይ ከባህል ሌቦች ጋር ስትዋጋ ነው የምታነጋው። ባለሱቁ ሁለት ቀሚስ አወረደላት። አንደኛው የሽሮሜዳ ሸማኔ የሠራው ነው፤ ጥለቱን ብትገለብጠው ክሩ ከጀርባም ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ታያለህ። የሁለተኛው ውስጡ ባዶ ነጭ ነው፣ ቀለሙ ከላይ ብቻ የታተመ። «እህቴ ሙች፣ ሁለቱም ኦሪጅናል የሀበሻ ነው» አለ። አንገቱን ፈልቅቄ አየሁ። የት አገር እንደተሠራ የሚናገረው ታግ በመቀስ ተቆርጦ ጉርዱ ብቻ ቀርቷል።

የሸማኔውን ዋጋ ስትሰማ «ለጨርቅ?» አለች። የታተመውን ገዛች። በበዓሉ ጠዋት ለብሳው ፎቶ ለቀቀች፤ ከሥሩ «ባህሌ ኩራቴ» ይላል። ላይክ አደረግኩ። ምን ልበል፣ የኔም ነጠላ በመጀመሪያው እጥበት ጥለቱ ለቆ ሸሚዜን አረንጓዴ አድርጎታል።

ሕግ የለም እንዳትሉ ብቻ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። የሸማኔዎች ማኅበር የጋራ ንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይችላል። ጥለቱ ራሱ የማንም ንብረት አይሆንም፤ ግን ምልክቱ ያለበት ቀሚስ ከማን እጅ እንደወጣ ገዢው ያውቃል፣ ያለፈቃድ የለጠፈውም ይጠየቃል። ጥበቃው ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። ችግሩ ፎርም መሙላት አለበት። ክፍያ አለበት። ሰባት ዓመት ማስታወስ አለበት! ባንዲራ ይሻላል።

አንድ ጊዜማ ተሳስተን ሠርተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት የቡና ስሞቻችንን ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ብዙ ተጨቃጨቀ፣ በ2007 ተስማሙ። ያኔ ወረቀቱን ተሸክሞ የተመላለሰውን ሰው ስሙን የሚያውቅ አለ? የለም። ባንዲራ አልለጠፈማ።

የጤፉ ደግሞ ይባስ። እሱ እንኳ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው፣ ንግድ ምልክት አይደለም፤ ጠባያችን ግን ያው ነው። የጤፍ ዱቄት ፓተንት የያዘ የሆላንድ ድርጅት ሌላ የሆላንድ ድርጅት «ፓተንቴን ነካህ» ብሎ ከሰሰ፣ ተከሳሹ ተከራከረ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱን ዋጋ አሳጣው። እኛ እንጀራችንን እየጎረስን ሁለት ፈረንጆች ተካሰሱልን፣ «አሸነፍን!» ብለን ጨፈርን። እንዲህ ያለ ድካም የሌለው ድል የትም አይገኝም።

በበዓሉ ማግስት ያቺ ጓደኛዬ መልእክት ላከች። «እነዚህን ሌቦች አየሃቸው?» አንዲት ነጭ ሞዴል የሀበሻ ቀሚስ የመሰለ ነገር ለብሳ ቆማለች። ፎቶውን አሳደግኩት። ያው መስቀል፣ ያው ወርቃማ ቀለም፣ ጫፉ ላይ ያው የተንጋደደ ሐረግ። የሷው ቀሚስ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ ሳይወጡ አይቀሩም። ከሥሩ የፊርማ ማሰባሰቢያ ሊንክ አለ። «በናትህ ቶሎ ፈርም» ትላለች።

ፈረምኩ።