ከጫካ የተመለሰ ልጅ

የምኖረው ካምፓላ ስለሆነ፣ ለአረፋ ደሴ በገባሁ ቁጥር ቡና ላይ ስለ ኡጋንዳው አማፂ መሪ ስለ ጆሴፍ ኮኒ ይጠይቁኛል። "ያ የልጅ ሌባ አሁንም አልተያዘም?" አልተያዘም። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ማዘዣ ያወጣበት ግን በፈረንጆቹ 2005 ነው።

የኮኒ ታጣቂዎች ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ልጆችን ከቤትና ከትምህርት ቤት እየነጠቁ ወንዱን ተዋጊ፣ ሴቷን የአዛዥ "ሚስት" ያደርጉ ነበር። ጠለፋው ሲብስ የገጠር ልጆች በየምሽቱ በእግራቸው ጉሉ ከተማ እየገቡ በረንዳና ሆስፒታል ግቢ ያድሩ ጀመር። ሲነጋ ይመለሳሉ። ይህ ለደሴ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። የራያና የቆቦ ተፈናቃይ በየትምህርት ቤቱ ሲያድር አይቷል። ጥቅምት 2014 ደግሞ ራሱ ልጁን አዝሎ ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል።

የሚያከራክረን መመለሱ ነው። የሰሜን ኡጋንዳ ሕዝብ በሆኑት አቾሊዎች ዘንድ ከጫካ የመጣ ልጅ ግቢው ሲገባ ጥሬ እንቁላል ይረግጣል። ደም ካለ ደግሞ የገዳይና የሟች ወገን መራራ ሥር የገባበት መጠጥ አብረው ይጠጣሉ፤ ማቶ ኦፑት ይሉታል። አጎቴ "በቃ፣ የኛው ደም ማድረቅ ነዋ!" አሉ። ይመሳሰላል። ግን ወሎ ላይ ሼሁና ቄሱ የሚያስታርቁት ገዳይም ሟችም ሲታወቅ ነው። በልጅነቱ ተወስዶ፣ ስሙን በማያውቀው መንደር ግደል የተባለው ከማን ጋር ይታረቅ? አንዳንዱንማ መመለሻ እንዲያጣ ብለው የገዛ ሰፈሩን ሰው ያስገድሉታል።

ዶሚኒክ ኦንግዌን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የተጠለፈ ልጅ ነበር። አድጎ አዛዥ ሆነ። በፈረንጆቹ 2021 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት 25 ዓመት ፈረደበት፤ ከዕድሜ ልክ ያዳነው የልጅነት ጠለፋው ነው። አጎቴ "አነሰው" አሉ። አክስቴ ተቆጣች፦ "ሲወስዱት ማን ደረሰለት?" እኔ ለአዛዡ ከአጎቴ፣ ለተራው ልጅ ከአክስቴ ጋር ነኝ።

ስለ ሴቶቹ ግን ማንም አልጠየቀኝም። በፈረንጆቹ 1996 ሰሜን ኡጋንዳ ካለው የአቦኬ ትምህርት ቤት 139 ልጃገረዶች ተወሰዱ። አንዲት መነኩሴ ጫካ ድረስ ተከትላ 109ኙን አስለቀቀች፤ 30ዎቹ ቀሩ። እንደነሱ ከተያዙት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የተመለሱት ልጅ ይዘው ነው። አቾሊ ውስጥ መሬት በአባት ወገን ነው የሚወረሰው። የእነዚህ ልጆች አባት ደግሞ ታጣቂው ነው። ልጁ አድጎ ጎጆ ልውጣ ሲል የእናቱ ወንድሞች "የአባትህን መሬት ፈልግ" ይሉታል።