ዛፉን ማን እንበለው?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ካሉት መናፈሻዎች አንዱ ገብቼ ነበር። ሙሽሮች ሞልተውታል። ሣሩ ተከርክሟል፤ ማኪያቶውም ክፉ አይደለም። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግን አንዱን ዛፍ አቅፎ «ይሄ ማን ይባላል?» አለኝ። አላውቀውም። አስተናጋጁን ጠየቅነው። «ዛፍ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

አምና እናቴን ይዤ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄጄ ነበር። ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት፣ ከእንጦጦ ጥግ 700 ሄክታር ገደማ የያዘ ቦታ ነው። ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ ይተኩታል። እኔ ስሙን ከሰሌዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳነብ እናቴ ጥላኝ ትሄዳለች። ኮሶዋን ከሩቅ አየቻትና «ይቺ ሴቷ ናት» አለችኝ። ዛፍ ሴትና ወንድ እንዳለው ያኔ ሰማሁ። እውነትም የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ የሚወጣው በየራሱ ዛፍ ላይ ነው፤ ቀላ ያለው የሴቷ ነው። ለትል የሚጠጣውም እሱ ነበር። ስለ ጠጡበት ቀን የነገረችኝን አልጽፈውም፤ ቁርስ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

ጉለሌን ደሴ ላይ ድገሙት እያልኩ አይደለም። የእኛ መሬት የራሱ ጉድ አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች መንገድ ግን ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ከፒያሳ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ሐረጎን ሲያልፍ «መስኮቱን ክፈቱት» ይላል። ዛፉም እንደ ሰው ነው። ኮሶና አምጃ ብርዱን ይወዳሉ፤ ዋንዛና ግራር ሙቀቱን። ሌላ አገር ይህን ለማሳየት የመስታወት ቤት ይሠራል። እኛን ሚኒባስ ይበቃናል።

እናም ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ፤ ሁለቱ እንደ አንድ ግቢ የሚጎበኙ የዕፅዋት ቦታዎች ይኑሩን። ባሕር ዛፍን ለመስደብ አፌን አላሾልም፤ የስንቱ ቤት በእሱ ቆሟል፣ ስንቱስ ጎጆ በእሱ ማገዶ በስሏል። ግን ልጆቻችን ከእሱ ሌላ ስም ይወቁ።

በጀት የለም እንደሚባል አውቃለሁ። ለመጀመሪያው ሥራ ብዙ ብር አያስፈልግም። እናቶችን ሰብስቦ መናፈሻዎቹን ማዞር፣ የሚሉትን ቆርቆሮ ላይ መጻፍ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የምንጠይቃት እናት የት እንደምናገኝ እንጃ።

ልጁ የዚያን ዛፍ ቅጠል በኪሱ ይዞ ቤት ገባና ለአያቱ ሰጣት። አገላብጣ አየችው፤ አሽትታ መለሰችለት።

«ይሄ የእኛ አይደለም። ያመጣውን ሰው ጠይቁት።»