«ደመወዝ፦ በስምምነት»

አራት ኪሎ አደባባይ ዙሪያ ቆመው ጋዜጣ በኪራይ እያነበቡ ሥራ ይፈልጉ ከነበሩት መካከል ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሆኑ አሉ፤ ማስታወቂያውም በአብዛኛው ከጋዜጣና ከሰሌዳ ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል። አንድ ቃል ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከተፈላጊ ችሎታና ከሥራ ልምድ ሥር ዛሬም «ደመወዝ፦ በስምምነት» ተብሎ ይጻፋል። ለስምምነት ሁለት ተናጋሪ ያስፈልጋል፤ በተግባር ግን ቀጣሪው «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲል አመልካቹ አቀርቅሮ «እንደ ድርጅቱ አሠራር» ይላል፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። የሥራ ስኬት በድፍረትና በጠራ ግብ ይገኛል እየተባለ በየአዳራሹ የሚጨበጨብለትን ትምህርት እኔ የምመዝነው በዚህች አጭር መልስ ነው።

በአዳራሹ የሚወደሰው ድፍረት ሥራ ለቅቆ መውጣት፣ ተበድሮ ንግድ መጀመር ነው። በየወሩ የቤት ኪራይ ለሚጠብቀው ሰው ይህ ምክር ለመካሪው እንጂ ለተመካሪው አይቀልም። እኔ የምለው ድፍረት ከዚህ ያነሰ ሆኖ ለእኛ ይበልጥ የሚከብድ ነው፤ የሚፈልጉትን የሥራ መደብ በስሙ፣ ደመወዙንም በቁጥሩ ጠርቶ ለሚወስነው ሰው መንገር። የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። ስለ ገንዘብ ቀድሞ ያነሳ ሰው ስግብግብ እንዳይባል ይፈራል፤ ዕድገት የጠየቀም የአለቃውን ወንበር የተመኘ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ያልተሰላ ድፍረትም ያዋርዳል፤ ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። ከዓመታት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ፣ ወዳጆቼ «እንዳታፍር» ብለው አደራ ስላሉኝ፣ ገና ሳልጠየቅ ቁጥሬን ተናገርኩ። ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሳ «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። የሥራ ግብሩንና ከሠራተኛው የሚቆረጠውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሳላስብ፣ ትሕትና መስሎኝ «ያልተጣራ» አልኩ። በወሩ መጨረሻ እጄ የገባው ገንዘብ በልቤ ከያዝኩት በብዙ ያነሰ ነበር፤ ማንንም ልወቅስ አልችልም። ደፍሬያለሁ፣ የምፈልገውን ግን አላውቀውም ነበር።

ግብ የሚጠራው መሰላሉ ሲታይ ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆኑት አስቀድመው አርክቴክቸር ተምረው፣ ከዚያም ለዓመታት በረዳት አብራሪነት ሠርተው ነው። የእርሳቸውን ጽናት ማድነቅ ተገቢ ነው፤ እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአብራሪነት ሙያ ከረዳትነት ወደ ካፒቴንነት የሚያደርሰው የበረራ ሰዓትም ፈተናም አስቀድሞ ይታወቃል። በብዙዎቹ የከተማችን ቢሮዎች ግን መሰላሉ በአለቃው ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ለዚህ መደብ የሚጎድለኝ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ የግቡ ግማሽ ሥራ ነው። ለአዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ሕጉ ራሱ ጥሩ አጋጣሚ ይሰጠዋል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ ስለማይችል፣ የዚያ ጊዜ ማብቂያ ይህን ጥያቄ ለማንሳት ተፈጥሯዊ ቀን ነው።

አንድ መደብ ለብዙ መቶ አመልካች በሚወጣበት ከተማ ቀጣሪው በቀላሉ «የሚቀጥለው ይግባ» እንደሚል አልዘነጋም። ያው አዋጅ ስለ ደመወዝ ቦርድ ቢደነግግም ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወሰንለት ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ጉድለት የአንድ ሰው ድፍረት አይሞላውም። ቢሆንም ዝምታውም ዋጋ ያስከፍላል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ዝም ብሎ የከረመ ደመወዝ ምን ያህል እንደነቀዘ የዘይትና የጤፍ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔም ከዚያ ቃለ መጠይቅ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ አለቃዬ ዘንድ በአንድ ገጽ ወረቀት ገባሁ፤ የምፈልገውን መደብ፣ ከተመደብኩበት ውጭ የሠራኋቸውን ሦስት ሥራዎች፣ ከታች ደግሞ «የተጣራ» ብዬ ያሰመርኩበትን ቁጥር ጽፌበታለሁ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ «ይህን ፈልገህ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አሉኝ። መደቡ ተሰጠኝ፤ ከጠየቅኩት ጭማሪ የተፈቀደልኝ ግን ግማሹ ነው።