የማላውቀውን አሳውቃለሁ

የቴሌግራም ግሩፑ በቁሙ ሰው ቀብሮ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ባለፈው ሳምንት ተራው የእኛ ሰፈር ነበር።

ፊንላንዳዊው ፈላስፋ ያኮ ሂንቲካ እ.ኤ.አ. በ1962 ማወቅን በሎጂክ ቀመር አስቀምጦ ነበር። ያውቃል የተባለ ሰው ያወቀው ነገር እውነት መሆን አለበት ይላል። ምስኪን፣ የፎርዋርድን ቁልፍ ሳያይ ነው የጻፈው! ሌሎች ሎጂከኞች ደግሞ "የማላውቀውን እንደማላውቀው አውቃለሁ" የሚል ሕግ ይጨምራሉ። የእኛ ሰው አሻሽሎታል፦ "የማላውቀውን ለማያውቅ አሳውቃለሁ።"

የጋሼን ሞት እንይ። አንዷ "ጋሼን አመማቸው መሰለኝ" አለች። ሁለተኛው "ነፍስ ይማር" ብሎ ሻማ ለጠፈ። ሦስተኛው፣ ሳያውቅ ሻማ አይለጥፍም ብሎ ደገመ። አራተኛው፣ ሁለት ሰው እንዴት ይሳሳታል አለ። ዐሥረኛው ጋ ሲደርስ "ቀብር ነገ 6 ሰዓት" ሆነ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሦስት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በሒሳብ አሳይተውታል፤ እያንዳንዱ በትክክል እያሰበ የፊተኛውን ሲከተል ሁሉም ተያይዞ ሊሳሳት ይችላል። እኛ እንግዲህ የተሳሳትነው በሎጂክ ነው። ክብር ነው!

ጋሼ ስማርት ስልክ የላቸውም። ጧት ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ የእድር ድንኳን አገኙ። "ማን ሞተብኝ?" አሉ። የተጠየቀው ሰው ደነገጠ፤ ለማጣራት ግሩፑን ከፈተ። አሁንም ሞተዋል። አንድ ጎረምሳ "ጋሼ እዚህ ቆመዋል" ብሎ ጻፈ። አድሚኑ "ያልተጣራ ወሬ ትነዛለህ" ብሎ አባረረው። አንዱ ታዛቢ "የሚመስል ሰው ይኖራል" አለና ዐሥራ ምናምን ላይክ አገኘ። ጋሼም ለቅሶ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ገብተው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበላቸው። አጠገባቸው የነበረው ሰው "ደግ ሰው ነበሩ" አላቸው። "ነበሩ" አሉ እሳቸውም፣ ማን እንደሆነ ባያውቁም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ያንን ሻማ ያየችው ብቻዋን፣ የሰው ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ነው። መርዶ እኮ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ቆሞ ነው የሚነገረው። አንድ ስልክ መደወል አቃታችሁ? አንድ!

በሎጂኩ ስሌት ስድስት ሰዎች፣ በየጥሪው ሁለቱ የሚያውቁትን ሁሉ ከተነጋገሩ፣ የየግላቸውን ወሬ ሁሉ ተለዋውጠው ለመጨረስ 8 የስልክ ጥሪ ይበቃቸዋል። ለእኛ ይሄ ወሬ ማሳጠር ነው፤ ነውር ነው።

የመጀመሪያዋን ሻማ የለጠፈው ሰው ተጠየቀ። "እኔ እንደደረሰኝ ነው ያደረስኩት" አለ።

ከየት ደረሰህ?

"ከግሩፕ።"

ከየትኛው?

"ከዚሁ።"